«የእኔ ልጅ ከነበረ የእሷ ደም ሊሆን አይችልም»

የጠያቂያችን ደብዳቤ አጥሮ ቀርቧል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችም ወጥተዋል።

«የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ በዕጣ በደረሰን ኮንዶሚኒየም፣ ከባለቤቴና ከአምስት ዓመት ልጃችን ጋር ነው። 23 ዓመት የሆናት ታናሽ እህቴ ከደብረ ብርሃን አካባቢ መጥታ ከእኛ ጋር እየኖረች በልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ባለፈው ሳምንት ማርገዟን ነገረችኝ፤ ሰባት ሳምንት ነው ብለዋታል። ያስረገዛት ልጅ ስልኩን ካጠፋ ቆይቷል። ‹ገና ደም ነው፣ ነፍስ የለውም› እያለች ለማስወረድ ስትሄድ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። ሙስሊም የሆኑት ጎረቤታችን ደግሞ ነፍስ የሚገባው በአራት ወሩ ነው አሉን። ባለቤቴ ግን ‹ይህ ነፍስ ማጥፋት ነው፤ ካደረገችው ከዚህ ቤት ትውጣ› ብሏል። እኔ ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት በስምንት ሳምንቴ ወርዶብኛል። ያኔ ሁሉም ‹ደም ነው፣ እርሺው› አሉኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የማለቅሰው ልጅ እንዳጣች እናት ነው። የእኔ ልጅ ከነበረ የእሷ ደም ሊሆን አይችልም። ሕይወት የሚጀምረው መቼ ነው? አብሬያት ብሄድ ተባባሪ ነኝ? ለእናታችንስ ልንገር?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎ ሦስት ጥያቄዎች አሉት፤ ሦስቱንም የሚጎትታቸው ግን ስለ ራስዎ የጻፉት አንዱ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል። «የእኔ ልጅ ከነበረ የእሷ ደም ሊሆን አይችልም» ማለትዎ ከሐዘን የወጣ ቢሆንም ጠንካራ ክርክር ነው፤ በማጽናኛ ቃል ብቻ ላልፈው አልፈልግም። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን በቤታችሁ የሚባለውን አንድ በአንድ ልመልከት፤ ምክንያቱም እህትዎም፣ ጎረቤትዎም፣ ባለቤትዎም የተናገሩት ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ደግሞ መታረም ያለበት ነው።

ከእህትዎ ልጀምር። ሐኪሞች የእርግዝናን ሳምንት የሚቆጥሩት ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ ሰባት ሳምንት ሲባል ከተጸነሰ አምስት ሳምንት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ሽሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በአልትራሳውንድ የልብ ምት ይታያል፤ እጅና እግር የሚሆኑት ጉጦች ብቅ ብለዋል፤ የአንጎል ክፍሎችም መለየት ጀምረዋል። ከእናቱም ከአባቱም የተለየ የራሱ የዘር ቅንብር አለው። ስለዚህ «ገና ደም ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም፤ እህትዎ ለመወሰን የሚቀላት ነገሩን በዚህ ስም ስትጠራው ከሆነ፣ ውሳኔዋ ነገ አንድ ሥዕል ባየች ጊዜ የሚናድ ይሆንባታል። በሌላ በኩል፣ ሕመምን ለመሰማት የሚያስፈልገው የአንጎል ቅርፊት ትስስር በሰባት ሳምንት ፈጽሞ የለም፤ ይህ ትስስር የሚደራጀው ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ሲሆን፣ ብዙ የዘርፉ ባለሙያዎች 24ኛውን ሳምንት አካባቢ ይጠቅሳሉ። ልቡ ይመታል፤ የሚሰማውና የሚያውቀው ነገር ግን ገና የለም።

«ሕይወት የሚጀምረው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይህን ብቻ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ መልሱ አጭር ነበር፤ በማኅፀን ያለው ሽል በሕይወት ያለና የሰው ዘር መሆኑን የሚክድ የሥነ ሕይወት ባለሙያ አላውቅም። ሰው የሚከራከረው በሌላ ነገር ላይ ነው፤ ይህ በሕይወት ያለው ጅምር እንደ እርስዎና እንደ ልጅዎ ሊነካ የማይገባው የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው በሚለው ላይ። ይህን ደግሞ ማይክሮስኮፕ አይመልሰውም።

ከጽንሰት ጀምሮ ነው የሚሉት ወገኖች ትልቁ አቅማቸው ከዚያ በኋላ የሚሰመር መስመር ሁሉ የዘፈቀደ ይመስላል ማለታቸው ነው። ልቡ ሲመታ ብንል፣ ልብ ለምን? ከማኅፀን ውጭ መኖር ሲችል ብንል፣ ያ በመሣሪያ የሚወሰን ነው፤ በ26 ሳምንቱ የተወለደ ሕፃን የተሟላ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለበት ሆስፒታል ሊተርፍ ሲችል፣ ይህ በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው፤ የሰው ክብር ደግሞ በተወለደበት ቦታ ባለ የኤሌክትሪክ መስመር ሊለካ አይገባም። ይህን ክርክር በቀላሉ የሚያልፈው ሰው በደንብ አልሰማውም ብዬ አምናለሁ። የሌላው ወገን መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ገና የማይሰማው፣ የማይሻና የማያውቅ ፍጡር እንደሚሰማውና እንደሚሻው ሰው ሊበደል አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይጠነክራል፤ ሽሉ ሙሉ ሰው ነው ብንል እንኳ፣ ማንም ሰው የሌላውን ሕይወት ለማቆየት ገላውን ለወራት እንዲሰጥ በሕግ አይገደድም፤ ኩላሊቱ ለልጁ የሚስማማ አባት እንኳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገባም፤ ታዲያ ሴት ብቻ ለምን ትገደዳለች ይላሉ። ለዚህ ደግሞ፣ አለመስጠትና የተጀመረን ሕይወት ማቋረጥ አንድ አይደሉም፣ እርግዝናውም ከየትም የመጣ ሳይሆን ከሁለት ሰዎች ድርጊት የመጣ ነው የሚል ምላሽ አለ። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ስልኩን አጥፍቶ መሰወር መቻሉን ግን ይህ ምላሽ ብዙ ጊዜ አያነሣውም።

ባለቤትዎ «ነፍስ ማጥፋት ነው» ሲሉ ከራሳቸው የፈጠሩት አይደለም። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በጻፈው ቀኖና፣ ሆን ብላ ያስወረደች ሴት በነፍስ ማጥፋት እንደምትጠየቅ ይናገራል፤ ቅርጽ ይዞ ነበር፣ አልያዘም የሚለውንም ልዩነት አይቀበልም። ቤተ ክርስቲያናችንም መጋቢት 29 የጌታን ጽንሰት ታኅሣሥ 29 ልደቱን፣ ነሐሴ 7 የእመቤታችንን ጽንሰት ግንቦት 1 ልደቷን ለየብቻ ታከብራለች፤ ኤልሳቤጥ የማርያምን ሰላምታ በሰማች ጊዜ ፅንሱ በማኅፀኗ እንደ ዘለለም በየጊዜው ይነበባል። ጽንሰትን በዚህ መጠን በሚያከብር ሕዝብ መካከል ያደገ ሰው ነገሩን እንደ ተራ ሕክምና ባያየው አይገርምም። ነገር ግን ያው ባስልዮስ በፈቃዱ ሰው ለገደለ 20 ዓመት ንስሐ ሲያዝ፣ ላስወረደች ሴት ያዘዘው 10 ዓመት ነው፤ ከዓመቱም ይልቅ የንስሐዋ ሁኔታ እንዲታይ አዝዟል። ከእሱ ጥቂት በኋላ የነበረው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ደግሞ ማስወረድን እያወገዘ፣ ቅርጽ የያዘውንና ያልያዘውን ለይቷል። የጥንቶቹ መምህራን «ኃጢአት ነውን?» የሚለውንና «ሰው እንደ መግደል ነውን?» የሚለውን እንደ አንድ ጥያቄ አላዩትም ነበር ማለት ነው። ባለቤትዎ ሁለቱን አንድ አድርገው ከቤት የማስወጣት ፍርድ ጨምረውበታል፤ ፍርዱን ከቀኖናው አላገኙትም።

ጎረቤትዎ የነገሩዎት በነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ በኢብን መስዑድ በኩል ከተላለፈው፣ ሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊምም ከዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) የመጣ ነው፤ ጽንሱ በሦስት የአርባ ቀን ደረጃዎች አልፎ በ120ኛው ቀን ገደማ ሩሕ (ነፍስ) ይነፋበታል የሚል ነው። ይህ ግን ከ120 ቀን በፊት ሁሉ ነገር ልቅ ነው ማለት አይደለም። ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሆነው ከሐነፊ ሊቃውንት በቂ ምክንያት ላላት ሴት ከዚያ በፊት የፈቀዱ አሉ፤ የሌላው ትምህርት ቤት ተከታዮች የሆኑት አብዛኞቹ ማሊኪዎች ግን ከመጀመሪያው ይከለክላሉ፤ ታላቁ የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ኢማም አልገዛሊም ከጽንሰት ጀምሮ በደል መሆኑን፣ ክብደቱም ጽንሱ ባደገ ቁጥር እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፈዋል። ስለዚህ እህትዎ የጎረቤትዎን ቃል ተውሳ እንደ ማረፊያ ልትይዘው አይገባም፤ ተውሳ የምትይዘው ሃይማኖት የራሷ አለመሆኑን ትቼ ነው።

የሀገራችን ሕግም አንድ ወጥ መልስ አይሰጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ነው ይልና፣ የተጸነሰ ልጅ ግን ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ በሕይወት ተወልዶ የሚኖር እስከ ሆነ ድረስ፣ እንደ ተወለደ ይቆጠራል ይላል፤ «የሚኖር» የሚባለውም ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የቆየ ነው። ይህ የውርስና የመሰሉትን ጉዳዮች መፍቻ እንጂ የነፍስ ትምህርት አይደለም። ማስወረድን የሚመለከተው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ነው። መነሻው ክልከላ ሆኖ፣ በአንቀጽ 551 የተፈቀዱ ሁኔታዎች አሉ፤ እርግዝናው ከመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል ከተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፣ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና የሚያሰጋ ከሆነ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ ወይም እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነች። ከባድ ድህነት ቅጣት ያቀልላል እንጂ በራሱ ፈቃድ አይሆንም። መደፈርን በተመለከተ ሕጉ የሴቲቱን ቃል ብቻ ይበቃል ይላል፤ ይህም የተደፈረች ሴት ምስክር ፍለጋ እንዳትንከራተት የተደረገ መልካም ነገር ነው። እህትዎ ይህን ሰምታ ያልሆነውን ሆነ እንድትል የሚመክራት ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አልመክርም። ያለችበትን ሁኔታ፣ ጤናዋንና ጭንቀቷን ጨምራ፣ እንዳለ ለባለሙያው ትንገር፤ ከተፈቀዱት ሁኔታዎች ውስጥ መውደቅ አለመውደቋን መመዘን የባለሙያው ሥራ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሐዘን ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት «ደም ነው፣ እርሺው» ያሉዎት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ነገር ግን ሐዘንዎን ያለ ለቅሶ ቤት ተሸክመው እንዲኖሩ አደረጉዎት። መቼም በስምንት ሳምንት ለወረደ ጽንስ እድር ድንኳን አይተክልም፤ ፍትሐትም አይደረግም፤ ሠልስትና ዐርባ የሚባል የለም። ማስወረድን አጥብቆ የሚያወግዘው ማኅበረሰባችን፣ ጽንሱ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ግን እንደ ሰው ሞት አይቆጥረውም። ይህን አንዳንዶች የክርክሩ መደምደሚያ አድርገው ያነሡታል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም፤ ጨቅላ በብዛት ይሞት በነበረበት ዘመን ሰው ልቡን ለመጠበቅ ያበጀው ልማድ ሊሆን ይችላልና። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ባለቤትዎን ጨምሮ ሁላችንም በኑሯችን የምንከተለው ሚዛን በአፋችን ከምንናገረው የተለየ መሆኑን።

«የእኔ ልጅ ከነበረ» ላሉት የምሰጠው መልስ፣ ልዩነቱ እርስዎ ስለ ፈለጉትና እሷ ስላልፈለገችው ነው የሚል አይደለም። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሰው ዋጋ በመፈለግ የሚመጣ ከሆነ፣ ተወልዶ ያልተፈለገ ልጅ ዋጋ የለውም ወደ ማለት ያደርሰናል፤ ያንን ደግሞ ማንኛችንም አንቀበልም። በእርስዎ ማኅፀን የነበረውና አሁን በእህትዎ ማኅፀን ያለው በባሕርዩ አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ በዚህ እርስዎ ልክ ነዎት። እኔ የምለየው «ልጅ» እና «ደም» ከሚሉት ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ ነገር የለም በሚለው ላይ ነው። በሰባተኛው ሳምንት ያለው የአንድ ልጅ ጅምር ነው፤ ጅምር በመሆኑ ያለ ከባድ ምክንያት ሊቋረጥ አይገባም፤ ጅምር በመሆኑ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅዎ እኩያ አይደለም። ክብደቱ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ፤ ይህ እምነቴ ከአልገዛሊ አባባል ጋር ከባስልዮስ ይልቅ የሚቀራረብ መሆኑን አውቃለሁ፤ የማትቀበሉት አንባቢዎችም ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። እርስዎ ያዘኑት እናትነቱን ጀምረው ስለ ነበር ነው፤ ሐዘንዎ እውነት እንዲሆን የእህትዎ ጥፋተኝነት አያስፈልገውም። እሷም ውሳኔዋ ምንም ይሁን ምን፣ የእርስዎን ሐዘን «ደም ነው» ብላ ዳግመኛ የመቅበር መብት የላትም፤ ይህን በግልጽ ይንገሯት።

አብረው መሄድን በተመለከተ፣ የሚገፋፋ፣ የሚያስገድድ ወይም አማራጭ የሚያሳጣ ሰው ተባባሪ ነው፤ ብቻዋን እንዳትሆን አጠገቧ የሚቀመጥ ግን በእኔ ሚዛን ተባባሪ አይባልም። ሕሊናዎ እስከዚያ አልሄድም ካለዎት አስቀድመው ይንገሯት፤ በቀጠሮው ጠዋት አይተዋት። የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ግን ማስወረድ አይደለም፤ ምርመራና ምክክር ነው፤ እስከዚያ ድረስ አብረው ቢሄዱ እምነትዎን የሚነካ ነገር አላይም። በዚያ ሳምንቱ በትክክል ይለያል፤ ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ አለመሆኑ ይረጋገጣል፤ ማስቀጠልም ጭምር ከአማራጮቹ እንደ አንዱ ይነገራታል። ለብቻዋ ከተተወች ግን የምትሄድበትን መገመት አያቅትም፤ ከመድኃኒት መደብር ያለ ምርመራ የምትገዛው ኪኒን ወይም በሰው ሰው የምትሰማው የሥር ጭማቂ ነው። ኪኒኑ ደግሞ ከማኅፀን ውጭ ላለ እርግዝና አይሠራም፤ አደጋው ተደብቆ እንዲቆይ ብቻ ያደርጋል። በማናቸውም ሁኔታ፣ ሁለት ሰዓት በተከታታይ በየሰዓቱ ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ጠረኑ የተለወጠ ፈሳሽ ካየች፣ ወይም በአንድ ጎን የበረታ የሆድ ሕመም ከተሰማት ወይም ራሷን ከሳተች፣ ማንም ምንም ይበል፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ትወሰድ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከባለቤትዎ ጋር የሚነጋገሩት ነገር አለ። በማኅፀን ያለው ሙሉ ሰው ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ያ ሰው የሚያድርበትን ቤት የማዘጋጀት ግዴታ ከሁሉም በፊት በእሱ ላይ ይወድቃል። ባለቤትዎ «ካስወረደች ትውጣ» ብለዋል፤ «ከወለደች ከእኛ ጋር ታሳድጋለች» ሲሉ ግን በደብዳቤዎ አላነበብሁም። ካላሉት ይጠይቋቸው፤ ጥያቄውም እህትዎ በሌለችበት፣ በእርጋታ ይሁን። የወሊድ ፈቃዷ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ነው፤ በማርገዟ ምክንያት ከሥራ ማሰናበትም የተከለከለ ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃኑን ማን ይይዛል፣ የፋብሪካው ፈረቃ ሌሊት ሲሆንስ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው ኮንዶሚኒየም ማን የት ይተኛል የሚለው ግን በሕግ የሚመለስ አይደለም፤ የእናንተ ሦስታችሁ መልስ ነው። ያ መልስ ከተገኘ በኋላ እህትዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቋት፤ ቤቱም፣ እንጀራውም፣ የሚይዝልሽም ሰው ቢኖር አሁንም ታቋርጪው ነበር? «አይ» ካለች፣ የሚወስንላት ችግር ነውና ቤተሰቡ ችግሩን ሊለውጥ ይችላል። «አዎ» ካለች፣ የእሷ ውሳኔ ነው፤ እርስዎም ባለቤትዎም ልታዝኑበት ትችላላችሁ፤ ከቤት ማስወጣት ግን ለማንም ሕይወት አይተርፍም። ሳምንቱ በጨመረ ቁጥር በአካሏ ላይ ያለው አደጋም፣ የሚያከራክረው ነገር ክብደትም ስለሚጨምር፣ ይህ ንግግር ለሚቀጥለው እሑድ የሚቀጠር አይደለም።

ለእናታችሁ አይንገሩ። ምስጢሩ የእህትዎ ነው፤ ለእርስዎ የነገረችዎት አምና ነው፤ እርስዎ ለሕሊናዎ ማረፊያ ከፈለጉ ስለ ራስዎ ድርሻ ብቻ ከንስሐ አባትዎ ጋር መነጋገር ይችላሉ። እናታችሁ ቆይተው ቢሰሙ «ለምን ደበቃችሁኝ» ብለው ያዝኑ ይሆናል፤ ያ ሐዘን ከእህትዎ ጋር ቁጭ ብለው የሚፈቱት ነው። እሷ ራሷ ልንገራት ካለች ግን ደብረ ብርሃን ድረስ አብረዋት ይሂዱ፤ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም።